የሳጥን ስፔክትሮግራፍን በትክክል ካሊብሬት ማድረግ፦ የሀብልን አሠራር በድሬዳዋና በሐረር ክፍል ውስጥ

ስፔክትሮግራፉ፣ ማለትም ብርሃንን በቀለም ዘርግቶ የሚያሳየው ሳጥን፣ ተሠርቶ አልቋል፣ ቀስተ ደመናውም በስልኩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጨው ነበልባል ቢጫ መስመር ግን 589.3 ናኖሜትር ላይ መውጣት ሲገባው 591 ወይም 587 ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ይፈርሳል፣ ዲቪዲው ይቀየራል፣ ሌላ ስልክ ይፈለጋል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ አይደለም፤ ከካሊብሬሽኑ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱን ፒክሰል ከሞገድ ርዝመቱ ጋር ከማዛመዱ። ወይ የማመሳከሪያው መብራትና የዒላማው (የሚለካው ብርሃን) ፎቶዎች በተነሡበት መካከል መሣሪያው ተነካክቷል፣ ወይ ስሌቱ በሁለት መስመር ብቻ ተሠርቷል።

ኅዋ ላይ ባለው በሀብል ቴሌስኮፕ የተገጠመው ስቲስ የተባለው ስፔክትሮግራፍም ይኸው ችግር አለበት። ግሬቲንጎቹን (ብርሃንን በቀለም የሚበትኑትን ባለ ጭረት ሳህኖች) የሚያዞረው ክፍል ወደ ቦታው ሲመለስ በጥቂት ፒክሰል ይዛነፋል፤ የሙቀት ለውጥም ምስሉን ቀስ እያለ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ስቲስ ከሰማይ ምልከታው ጋር የራሱን መብራት ፎቶ ያነሣል። መብራቱ የሞገድ ርዝመታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ የፕላቲነም፣ የክሮሚየምና የኒዮን መስመሮች አሉት። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ይህንኑ አሠራር በካርቶን ሳጥንና በስልክ የሚደግም ነው። ተራውን አትዝለሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሳጥኑ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡ በጥቁር ወረቀት የተለበጠ ይሁን። በአንድ ጫፉ ሁለት ምላጭ ፊት ለፊት ተገጥመው ስንጥቅ ይሠራሉ። የስንጥቁን ስፋት ለመለካት አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት በምላጮቹ መካከል አስገቡ፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ምላጮቹን አጣብቁና ወረቀቱን አውጡት።

በሌላው ጫፍ ከባዶ ዲቪዲ የተቆረጠ ቁራጭ ይገባል። ዲቪዲውን በቢላ ለሁለት ንጣፍ ሰንጥቁት፤ የሚፈለገው ግልጹ ንጣፍ ነው። ሐምራዊውን ቀለም በአልኮል እጠቡት፣ ግን አትፈግፍጉት። የዲቪዲ ጎድጓዶች በ0.74 ማይክሮሜትር ርቀት ስለተሠሩ በሚሊሜትር 1,350 ያህል መስመር አላቸው። ሲዲ 625 ያህል ብቻ ስላለው ለዚህ ሥራ አንመክረውም፤ ቀስተ ደመናው ይጠብና ቀረብ ያሉ መስመሮች ይደበላለቃሉ። በዲቪዲ አረንጓዴው ብርሃን በ48 ዲግሪ ገደማ ስለሚታጠፍ ስልኩ ወደ ጎን ተጋድሞ መገጠም አለበት።

ሦስት የብርሃን ምንጮች ያስፈልጋሉ።

- ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ወይም ረጅሙ ፍሎረሰንት። የሜርኩሪ መስመሮች የሚገኙት ከዚህ ነው። በድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ በሐረር ሸዋ በር ስትገዙ ኤልኢዲ እንዳይሰጧችሁ አይታችሁ ያዙ። ኤልኢዲ መስመር የለውም፤ 450 ናኖሜትር አካባቢ ሰማያዊ ጉብታ፣ ከዚያ ቀጥሎ ሰፊ ቢጫ ብቻ ያሳያል።
- ማብሪያው ላይ ብርቱካናማ መብራት ያለው ዲቫይደር። ትንሿ መብራት ብዙውን ጊዜ ኒዮን ናት። ዲቫይደሩን አትክፈቱት፤ ውስጡ 220 ቮልት ነው። ሰክታችሁ መብራቷን ወደ ስንጥቁ ማስጠጋት ብቻ ይበቃል።
- ለማረጋገጫ የገበታ ጨውና ሰማያዊ ነበልባል ያለው ቡታጋዝ።

ከኃይል ቆጣቢው አምፖል አንድ ተጨማሪ ይኑራችሁ። ቢሰበር መስኮት ክፈቱ፣ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጡ፣ ስብርባሪውን በጠንካራ ወረቀት ዝቃችሁ የቀረውን በፕላስተር ልቀሙት። በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ ሜርኩሪው ይበተናል።

ደረጃ 1፦ ሙቀቱን አስቀድሙ

ድሬዳዋ ላይ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መለካት ድካም ብቻ ነው። ካርቶኑ ይለመጣል፣ የሙጫ ዱላ ማጣበቂያ ይላላል፣ የስልኩም ሴንሰር ይግላል። የሴንሰር የጨለማ ጫጫታ (ብርሃን ሳይኖር የሚመዘግበው ሐሰተኛ ምልክት) ሙቀት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። ሥራውን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ወይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አድርጉት። ሳጥኑን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ በምትሠሩበት ክፍል አስቀምጡ። ስልኩን ከቻርጅ ንቀሉ፤ ቻርጅ ላይ እያለ ይሞቃል።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ይዛችሁ ከወጣችሁ ያለፈው ካሊብሬሽን እንደሌለ ቁጠሩት። ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱም ሳጥኑን ያንገጫግጨዋል።

ደረጃ 2፦ ስልኩን እሰሩ

ስልኩን በላስቲክና በካርቶን ጉልበት ከሳጥኑ ጋር አስራችሁ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት። በእጅ የተያዘ ስልክ በምንም ስሌት አይስተካከልም።

ካሜራውን ወደ ፕሮ ሁነታ ቀይሩና እነዚህን ቆልፉ፦ አይኤስኦ 100፤ ትኩረት በእጅ፤ ነጭ ሚዛን የፀሐይ ብርሃን ላይ፤ ዙም 1። ኤችዲአር፣ ማረጋጊያና ማስዋቢያ ይጥፉ። ራው ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ከሆነ በራው አንሡ። ከሁሉ አደገኛው አውቶ ትኩረት ነው፤ ሌንሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የምስሉ መጠን ስለሚለወጥ የፒክሰሉ ሚዛን ሁሉ ይዛነፋል።

ፎቶ ስታነሡ ማያውን አትንኩ። የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ወይም የጆሮ ማዳመጫውን ቁልፍ ተጠቀሙ።

ትኩረቱን ለማስተካከል አምፖሉን አብሩና ሁለቱን ቢጫ የሜርኩሪ መስመሮች ተመልከቱ፤ 576.96 እና 579.07 ናቸው። ሁለቱ ተለያይተው እስኪታዩ ድረስ ትኩረቱን አንቀሳቅሱ። በፍጹም ካልተለያዩ ስንጥቁ ሰፊ ነው፣ ወይም ከዲቪዲው ጎድጓዶች ጋር ትይዩ አይደለም። ስንጥቁን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ መስመሮቹ የሚቀጥኑበትን ቦታ ፈልጉ። ይህ ሳይሳካ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 3፦ የፎቶዎቹ ተራ

ተራው ይህ ነው፤ በመካከሉ ስልኩም ሳጥኑም አይነካም፣ የሚቀያየረው ከስንጥቁ ፊት ያለው ብርሃን ብቻ ነው።

1. አምፖሉን አብርታችሁ 3 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛ አምፖል ላይ የሜርኩሪው መስመር ደካማ ነው።
2. የሜርኩሪ ፎቶ፣ ሦስት ጊዜ።
3. የኒዮን ፎቶ፣ ሦስት ጊዜ። መብራቷ ደካማ ስለሆነች ክፍሉን አጨልሙ፣ ከስንጥቁ 1 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አድርጉና ከ1 እስከ 2 ሰከንድ አንሡ።
4. የዒላማው ፎቶ፦ ነበልባል፣ የቀን ሰማይ ወይም ሌላ ምንጭ።
5. ሜርኩሪ እንደገና፣ ሦስት ጊዜ።
6. ስንጥቁን ሸፍናችሁ የጨለማ ፎቶ፣ ለዒላማው በተጠቀማችሁበት የጊዜ ርዝመትና አይኤስኦ።

ተራ ቁጥር 5ን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የሥራው ዋስትና ግን እሱ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የተነሡት ሜርኩሪዎች አንድ ቦታ ላይ ካረፉ በመካከል ያለው ዒላማም በዚያው ሚዛን ላይ ነበረ ማለት ነው። በሀብል ላይ ያለው ሌላው ስፔክትሮግራፍ፣ ኮስ፣ ከዚህም አልፎ ኮከቡን እየተመለከተ ሳለ መብራቱን በየመካከሉ ብልጭ ያደርጋል።

የብርሃኑ መጠን። የመስመሩ ጫፍ ከ255 ውስጥ ከ200 አይለፍ። 255 የደረሰ መስመር አናቱ ይቆረጥና መካከሉን ማግኘት አይቻልም። አረንጓዴው 546.07 ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል፤ ስለዚህ ለእሱ አጭር፣ ለሐምራዊው 404.66 ረጅም ጊዜ አንሡ።

ጥቁር ጭረቶች ከታዩ። አቅጣጫቸውን እዩ። ከቀስተ ደመናው ርዝመት ጋር አብረው የሚሄዱ ቀጭን ጥቁር መስመሮች ስንጥቁ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፤ በድሬዳዋ ነፋስ ይህ በየሳምንቱ የሚያጋጥም ነው። በወረቀት ጠርዝ አንድ ጊዜ ጥረጉት፤ በአፍ አትንፉ፣ እርጥበት ምላጩን ያዝገዋል። ሰፋፊ ብሩህና ጨለማ ቀበቶዎች ከሆኑ ደግሞ የመብራቱ መርገብገብ ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ አሮጌ ባላስት ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ የመዝጊያ ጊዜውን 1/50 ወይም 1/25 ሰከንድ አድርጉት።

መብራት በመካከል ከጠፋ። ጄኔሬተር አትፈልጉ፣ የቀረውንም አታስቀጥሉ። መብራት ሲመጣ አምፖሉን እንደገና 3 ደቂቃ አሙቁና ከተራ ቁጥር 2 ጀምሩ። የተነሡትን ፎቶዎች ለብቻ አስቀምጧቸው እንጂ ከአዲሶቹ ጋር አትደባልቁ።

ደረጃ 4፦ የመስመሩን ቦታ መለካት

ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር አውርዱና በነፃው ኢሜጅጄ ፕሮግራም ክፈቱ። ሐምራዊው በግራ፣ ቀዩ በቀኝ ይሁን፤ ተገልብጦ ከሆነ ሁሉንም ፎቶዎች በአንድ ዓይነት ገልብጡ። ቀስተ ደመናው ካዘመመ ሁሉንም በተመሳሳይ ዲግሪ አዙሩ።

ከምስሉ መካከል 40 ረድፍ የሚያህል ቀጭን ሰቅ ምረጡ። የረድፎቹ ቁጥር ለሁሉም ፎቶ አንድ ይሁን። በስልክ ሌንስ መስመሮቹ እንደ ቀስት ስለሚጎብጡ ከላይ የተለካ መብራት ከታች ለተለካ ዒላማ አይሆንም።

የብርሃኑን ቁጥሮች ወደ ኤክሴል ገልብጡ። ለእያንዳንዱ መስመር፦

ሀ. ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን የጀርባ ብርሃን አማካይ ቀንሱ።
ለ. እያንዳንዱን የፒክሰል ቁጥር በብርሃኑ አባዙ፣ ደምሩ።
ሐ. ድምሩን ለብርሃኑ ጠቅላላ ድምር አካፍሉ።

ውጤቱ የመስመሩ ማዕከል ነው፤ እስከ አንድ አስረኛ ፒክሰል መጻፍ ይቻላል። በዓይን “እዚህ አካባቢ ነው” ብሎ መገመት እስከ 3 ፒክሰል ያሳስታል።

ወጥመዱ አረንጓዴው ላይ ነው። በኃይል ቆጣቢ አምፖል ከሜርኩሪው 546.07 በግራ በኩል ሌላ ብሩህ አረንጓዴ አለ፤ እሱ በአምፖሉ መስታወት ውስጥ ከተቀባው ዱቄት የሚመጣ የቴርቢየም ብርሃን ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከጠቀለላችሁ ማዕከሉ ወደ ግራ ይሸሻል። ቀጭኑን፣ የቀኙን ብቻ ውሰዱ። 611 አካባቢ ያለው ደማቅ ቀይም ከዱቄቱ የመጣ የዩሮፒየም ብርሃን ነው፤ አቅጣጫ ለማወቅ ይጠቅማል፣ በስሌት ውስጥ ግን አይገባም።

የኒዮን መስመሮች ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ በሜርኩሪው ብቻ ጊዜያዊ ሚዛን ሥሩና የት ሊወድቁ እንደሚገባ ገምቱ። ከዚያ 585.25፣ 640.22 እና 667.83 የሚባሉትን ፈልጉ። 703.24ም አለ፤ ነገር ግን የብዙ ስልኮች ቀይ ማጣሪያ ያደክመዋል።

ደረጃ 5፦ ሚዛኑን መሥራት

ቀመሩ ይህ ነው፦

ሞ = ሀ + ለ × ፒ + ሐ × ፒ²

ሞ የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር፣ ፒ የፒክሰል ቁጥር ነው። ለልምምድ ይህን ምሳሌ አስገቡ (በግራ የሞገድ ርዝመቱ፣ በቀኝ ፒክሰሉ ነው)፦

404.66 — 216.5
435.83 — 420.8
546.07 — 1126.6
576.96 — 1319.9
579.07 — 1333.1
585.25 — 1371.5
640.22 — 1710.1
667.83 — 1878.1

በኤክሴል የነጥብ ግራፍ ሥሩ፤ ፒክሰሉ በአግድም፣ የሞገድ ርዝመቱ በቁም ይሁን። ሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ምረጡና ቀመሩ ግራፉ ላይ ይታይ። ሀ 372.00፣ ለ 0.1500፣ ሐ 0.0000040 ገደማ መውጣት አለበት።

አሁን ኤክሴል ያሳያችሁን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ። የቀመሩን ጽሑፍ ምረጡና የቁጥር ቅርጹን እስከ 10 የአስርዮሽ አሃዝ ክፈቱ። ኤክሴል ሐን ብዙ ጊዜ በአንድ አሃዝ አጠጋግቶ ያሳያል፤ ያ መጠጋጋት 1878ኛው ፒክሰል ላይ ሲደርስ ከ1.5 ናኖሜትር በላይ ሊያዛንፍ ይችላል። ካየናቸው ስህተቶች ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ግራፉ ፍጹም ይመስላልና።

በሁለት መስመር ብቻ መሥራትስ? ከላይ ካሉት 404.66ን እና 640.22ን ብቻ ይዛችሁ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ አረንጓዴው 548.2 ላይ ይወድቃል፤ በ2.1 ናኖሜትር ይስታል። የጨው መስመርም 590.8 ላይ ይወጣል። ይህንን የ1.5 ናኖሜትር ልዩነት እንደ ዶፕለር (ምንጩ በመንቀሳቀሱ የሚመጣ የሞገድ ርዝመት ለውጥ) ብትቆጥሩት ጨዉ በሴኮንድ ወደ 750 ኪሎሜትር እየራቃችሁ ነው ያሰኛል። ጋላክሲ ለሚለካ ሰው እንዲህ ያለው ስህተት ውጤቱን ሁሉ ያፈርሳል።

ተቃራኒውም አይበጅም። ስምንት መስመር አለኝ ብሎ ስድስተኛ ዲግሪ መምረጥ ቀመሩን በሁሉም ነጥብ አካባቢ ያሳልፈዋል፣ ጠርዝ ላይ ግን ወዳልሆነ ቦታ ይወስደዋል። ሁለተኛ ዲግሪ ይበቃል። ከመጨረሻው መስመር አልፋችሁም አትለኩ፤ ቀዩን የሃይድሮጅን መስመር 656.28 ለመለካት የኒዮን 667.83 ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹን አስሉ፦ ቀመሩ ከሰጠው እውነተኛውን ቀንሱ። ሁሉም ከ0.3 ናኖሜትር በታች ከሆኑ ጥሩ ነው። አንዱ ብቻ ርቆ ከወጣ መስመሩ ተሳስቶ ተሰይሟል ወይም 255 ደርሶ ተቆርጧል፤ ፎቶውን ተመልሳችሁ እዩ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ነጥቡን አትሰርዙ። ቀሪዎቹ በቅስት መልክ ከተሰለፉ አውቶ ትኩረቱ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ስሌት ውስጥ ባልገባ መስመር ማረጋገጥ

የጨው ውኃ የነካ ሽቦ ሰማያዊው ነበልባል ውስጥ አስገቡ። መስመሩ 589.3 ላይ፣ በ0.3 ናኖሜትር ውስጥ መውጣት አለበት። በእርግጥ 589.00 እና 589.59 የሚባሉ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ይህ ሳጥን ግን አይለያቸውም። ነበልባሉ ራሱ 516.5 እና 473.7 ላይ የካርቦን ጠርዞች ስላሉት ግራ አትጋቡ። ብርቱካናማውን የመንገድ ሶዲየም መብራት ለዚህ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ግፊት መስመሩን ያሰፋውና መካከሉን ያጨልመዋል።

ቀጥሎ የቀን ሰማይ። ሳጥኑን ወደ ፀሐይ በፍጹም አታዙሩ፤ ሰማያዊውን ሰማይ ወይም ፀሐይ ያረፈበትን ነጭ ወረቀት አሳዩት። 486.13፣ 517 አካባቢ የማግኒዥየም ሦስቱ መስመሮች፣ 589.3 እና 656.28 ጥቁር ሆነው ይታያሉ። 687 አካባቢ ያለው ጥቁር ጠርዝ ከፀሐይ ሳይሆን ከምድር አየር ኦክስጅን የመጣ ነው። 490 እና 580 አካባቢ ሰፊ ጠቆር ያለ ቦታ ካያችሁ መስመር አይደለም፤ የስልኩ ቀለም ማጣሪያዎች የሚገናኙበት ነው። ለማረጋገጥ ሽቦው ግሎ የሚያበራውን የድሮውን አምፖል አንሡ፤ መስመር የሌለው ብርሃን ስለሆነ እዚያም ላይ ያው ጥላ ይታያል።

ደረጃ 7፦ ከሀብል መረጃ ጋር ማነፃፀር

የሀብል ስፔክትረሞች ማስት በተባለው ማኅደር በነፃ ይወርዳሉ። ከስቲስ የወረደ የፀሐይ ዓይነት ኮከብ ስፔክትረም ከእናንተው ጋር ስታስተያዩ ሃይድሮጅኑ 486.13 ላይ ሳይሆን 486.27 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ቀዩም 656.46 ላይ። ማንም አልተሳሳተም። እናንተ የተጠቀማችሁበት ሠንጠረዥ የአየር ነው፤ ስቲስ የሚጽፈው የባዶ ኅዋ ሞገድ ርዝመት ነው። በ500 ናኖሜትር አካባቢ ልዩነቱ 0.14 ናኖሜትር ነው። ወይ የእናንተን ወደ ኅዋ ለውጡ፣ ወይ የሀብልን ወደ አየር፤ ግማሽ በግማሽ አትሥሩ። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ፍጥነት በሴኮንድ 30 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ በ500 ናኖሜትር 0.05 ያህል ያንሸራትታል፤ ስቲስ ይህን አስቀድሞ ያርመዋል። በሀብሉ ላይ ደግሞ የ687ቱ የኦክስጅን ጠርዝ የለም፤ ቴሌስኮፑ ከአየር በላይ ነው።

ደረጃ 8፦ በየቀኑ መንከባከብ

ሙሉውን ስሌት በየቀኑ መድገም አያስፈልግም። ስቲስም እንዲሁ ነው፤ የፖሊኖሚያሉ ቁጥሮች በማጣቀሻ ፋይል ተቀምጠዋል፣ በእያንዳንዱ ምልከታ ከመብራቱ ፎቶ የሚለካው ምስሉ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ብቻ ነው። እናንተም ደብተር ክፈቱና በእያንዳንዱ ሥራ ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የ435.83 እና የ546.07 ፒክሰል፣ የአረንጓዴውም መስመር ስፋት ይጻፍ።

ሁለቱም መስመሮች በእኩል ከተንሸራተቱ፣ ለምሳሌ ሁለቱም በ4 ፒክሰል፣ ያንን 4 ከዒላማው ፒክሰል ላይ ቀንሱና በድሮው ቀመር ሥሩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ1 ፒክሰል በላይ ከተለወጠ ግን ሚዛኑ ራሱ ተለውጧል፤ ትኩረቱ ወይም የስልኩ አቀማመጥ ተነክቷል፣ ደረጃ 5ን እንደገና ሥሩ። በአንድ ምሽት ውስጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሜርኩሪ ልዩነት ከግማሽ ፒክሰል በታች ከሆነ አማካዩን ውሰዱ፤ እስከ 2 ፒክሰል ከሆነ ዒላማው በተነሣበት ሰዓት መጠን አካፍሉት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ምሽቱን ተዉትና ላስቲኩን አጥብቁ።

የመስመሩ ስፋት ከሳምንት ሳምንት እያደገ ከሄደ ምላጮቹ እየተከፈቱ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት የሙጫ ዱላ ይህን ያደርጋል፣ በሁለት ወገን ተለጣፊ ሳይሆን በትንንሽ ብሎን እሰሯቸው። የመስመሩ ብርሃን ከቀነሰ አምፖሉ አርጅቷል። የስቲስ መብራቶችም ከዓመታት ጋር፣ በተለይ በአጭሩ አልትራቫዮሌት፣ ደብዝዘዋል። ትርፉን አምፖል የምታስገቡት አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ነው፤ በአንድ ምሽት ሁለቱንም አንሡና ፒክሰሎቻቸው እንደሚገጥሙ አይታችሁ ደብተሩ ላይ አስፍሩት።